ሰባት ፈረሶችና ሁለት ሠረገላዎች

በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በመሠረትነው አንድ ዕድር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት አገለገልኩ። ባለፈው ጥር በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ በ41 ለ38 ድምፅ ተሸነፍኩ። ያሸነፈችኝ በዕድሜ ከእኔ በሃያ ዓመት የምታንስ፣ ሌሊት ሆስፒታል የምትሠራ ትጉህ ሴት ናት፤ ድምፁ ሲቆጠር አጠገቡ ስለ ነበርኩም ቆጠራው ትክክል እንደ ነበር አውቃለሁ። ቃለ ጉባኤውን በራሴ እጅ ጽፌ ፈረምኩበት፤ ጉባኤው በጸሎት ሲዘጋም ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በቦርሳው ውስጥ የዕድሩ ማኅተም፣ የቼክ ደብተሩ፣ የአባላት መዝገቡና የፋይል ሣጥኑ ቁልፍ ነበሩ። ያን ዕለት ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልሰጠሁም።

ቀናት አለፉ። በልቤ የምጠብቀው ነገር ነበረ፤ ኮሚቴው በወጉ ቤቴ መጥቶ፣ ስለ ዘጠኙ ዓመት አመስግኖኝ፣ ዕቃውን ከዚያ በኋላ እንዲረከበኝ እፈልግ ነበር። አዲሷ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ደውላ «ጋሼ፣ ሲመችዎት ባንክ አብረን ብንሄድ» ብላኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳት። ከጉባኤው በሃያኛው ቀን የአንዲት አባላችን እናት ጎንደር ውስጥ አረፉ። በደንባችን መሠረት ገንዘቡ ለሐዘንተኛው በአንድ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት፤ ለቀብር አገር ቤት የሚሄድ ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን የሚቆርጠው በዚያ ነውና። ቼኩ ላይ የሚፈርሙት ሰብሳቢውና ጸሐፊው ናቸው፤ ባንኩ የሚያውቀው ጸሐፊ ደግሞ አሁንም እኔው ነበርኩ። ደወሉልኝ፤ አላነሣሁም። ጎረቤቶቿ በፖስታ አዋጥተው ሲያበቁ ትኬቱ አንድ ቀን ዘግይቶ ተቆረጠ፤ ጎንደር ስትደርስ እናቷ ተቀብረው ነበር። ለሰብሳቢው «ስልኬን ያየሁት ማታ ከሥራ ስወጣ ነው» አልኩት። ስልኩ ሲጠራ ግን በእጄ ይዤው ነበር።

ልጄ ያነበበችልኝ ደብዳቤ

ይህን ለማንም ሳልናገር በሰነበትኩበት በአንዱ ምሽት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ በ1800 ስለ ተደረገው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የምትጽፈውን የቤት ሥራ ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። «አባዬ፣ ይህን ስማኝ» አለችና፣ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ የካቲት ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1801፣ ላሸነፈው ለቶማስ ጄፈርሰን የጻፈውን አጭር ደብዳቤ አነበበችልኝ። ደብዳቤው ፖለቲካ የሚባል ነገር የለበትም። ፈረስና ሠረገላ ለመግዛት እንዳትቸገርና ወጪ እንዳይበዛብህ በመንግሥት ጋጣ ውስጥ ሰባት ፈረሶችና ሁለት ሠረገላዎች ከነሙሉ ዕቃቸው ትቼልሃለሁ፤ ንብረትነታቸው የአገሪቱ ነው፤ ምናልባት ላይስማሙህ ይችላሉ፣ ብዙ ወጪ ግን ያድኑሃል ይላል።

ልጄ ቀና ብላ «ተሸንፎ ነው እንዲህ የሚጽፈው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ዓይኔ የሄደው በር አጠገብ ወደ ተንጠለጠለው ቦርሳ ነበር።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ስለዚያ ክረምት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ለዜግነት ፈተና የተዘጋጀ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን እንደ ነበር ያውቃል፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ከሁለት የሥልጣን ዘመን በኋላ በፈቃዱ መልቀቁንም በአድናቆት እንናገራለን። ነገር ግን ዋሽንግተንን ያሸነፈው ሰው አልነበረም። የመሰናበቻ መልእክቱን በሴፕቴምበር 1796 በጋዜጣ ሲያወጣ የሚሄድበትን ቀን የመረጠው ራሱ ነበር። በማርች 1797 ፊላዴልፊያ ውስጥ አዳምስ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ዋሽንግተን ደስታው ከፊቱ ይነበብ ስለ ነበር፣ አዳምስ «እኔ ወጣሁ፤ አንተ ገባህ፤ ማናችን የበለጠ ደስ እንደሚለን እናያለን» የሚለኝ መሰለኝ ብሎ ለሚስቱ ለአቢጌል ጽፎላታል። መሄድ ፈልጎ ለሄደ ሰው ርክክቡ ዕረፍት ነው። እኔን የያዘኝ መሄድ ያልፈለገው ሰው ነው።

ያ ክረምት

አዳምስ መሄድ እንዳልፈለገ ለማወቅ የሆነበትን ማየት ይበቃል። በ1796 ጄፈርሰንን ያሸነፈው በ71 ለ68 የኤሌክቶራል ድምፅ፣ ማለትም ግዛቶቹ ፕሬዚዳንት እንዲመርጡ የሚሰይሟቸው መራጮች በሚሰጡት ድምፅ ነበር፤ በጊዜው ሕግ ሁለተኛ የወጣው ምክትል ፕሬዚዳንት ስለሚሆን ለአራት ዓመት ተቀናቃኙን አጠገቡ አስቀምጦ ገዛ። በ1798 የእሱ ፓርቲ፣ ፌዴራሊስቶቹ፣ መንግሥትንና ፕሬዚዳንቱን በጽሑፍ የሚያዋርድ ሰው እንዲታሰር የሚያዝ ሕግ አወጡ፤ እሱም ፈረመበት። በዚያ ሕግ የቨርሞንቱ የምክር ቤት አባል ማቲው ላየን አራት ወር ታስሮ 1,000 ዶላር ተቀጣ፤ ሕዝቡ ግን እስር ቤት እንዳለ መልሶ መረጠው። በ1800 መኸር የገዛ ፓርቲው ሰው አሌክሳንደር ሃሚልተን አዳምስ ለሥልጣኑ ብቁ አይደለም የሚል ረጅም ጽሑፍ አሳተመበት። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ልጁ ቻርልስ በመጠጥ ተጎድቶ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። ከዚያም ድምፁ ሲቆጠር ጄፈርሰን 73፣ አሮን ቡር 73፣ አዳምስ 65 ሆነ።

አዳምስ ሦስተኛ ወጥቶ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጄፈርሰንና ቡር የአንድ ወገን፣ የያኔዎቹ ሪፐብሊካኖች፣ ሰዎች ነበሩ፤ ቡር የታሰበውም ለምክትልነት ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ድምፅ እንዲሰጥ እንጂ የትኛው ለፕሬዚዳንት፣ የትኛው ለምክትል እንደ ሆነ እንዲለይ አያዝም ነበርና እኩል ወጡ። ፍርዱ ፌዴራሊስቶች ወደሚበዙበት የተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። እዚያ እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ አለው፤ ከ16ቱ 9 ያገኘ ያሸንፋል። ፌብሩዋሪ 11 በበረዶ ውስጥ ድምፅ መስጠት ሲጀምሩ ጄፈርሰን 8፣ ቡር 6 አገኙ፤ ሁለቱ ግዛቶች ተከፈሉ። ደግመው ሰጡ፤ ያው ሆነ። ሌሊቱን ጭምር ሰጡ፤ ያው ሆነ። የሜሪላንዱ ጆሴፍ ኒኮልሰን በትኩሳት እየነደደ በበረዶው ላይ ተሸክመውት መጡ፤ ከጉባኤው አዳራሽ አጠገብ ባለ ክፍል ተኝቶ፣ ሚስቱ አጠገቡ ሆና እየደገፈችው፣ በእያንዳንዱ ዙር የጄፈርሰንን ስም ጻፈ። እሱ ቤቱ ቢቀር የሜሪላንድ ድምፅ ወደ ቡር ይሄድ ነበር።

የፔንሲልቫኒያና የቨርጂኒያ ገዢዎች ሥልጣኑ በተንኮል ከተወሰደ በሚል ሚሊሺያቸውን ለማንቀሳቀስ ተዘጋጅተው ነበር። ጉዳዩ የተቋጨው ፌብሩዋሪ 17 በ36ኛው ዙር ነው፤ የደላዌር ብቸኛ ተወካይ የነበረው ፌዴራሊስቱ ጄምስ ቤየርድ ለቡር ሲሰጥ የቆየውን ድምፅ ነፈገው፤ በቨርሞንት በኩል የሥራ ባልደረባው ስለ ቀረ ያ የታሰረው ላየን የግዛቱን ድምፅ ለጄፈርሰን ሰጠ። ጄፈርሰን በ10 ግዛቶች ድምፅ አሸነፈ።

አዳምስ የፈረሶቹን ደብዳቤ የጻፈው ከዚህ በሦስተኛው ቀን ነው። ልጁ ከሞተበት ሦስት ወር እንኳን አልሞላውም ነበር።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት

አሁን ልጄ በቤት ሥራዋ ላይ ቀይ መስመር ወዳሰመረችበት ቦታ ደረስኩ። ማርች 4 ቀን 1801 ጄፈርሰን ቃለ መሐላ የሚፈጽምበት ዕለት ነው። አዳምስ ግን በዚያው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ጨለማው ሳይገፈፍ፣ ወደ ባልቲሞር በሚሄደው የመንገደኞች ሠረገላ ተሳፍሮ ከዋሽንግተን ወጣ። በቀትር ጄፈርሰን ከተከራየበት ማረፊያ ቤት በእግሩ ምክር ቤቱ ወደሚሰበሰብበት ሕንፃ፣ ወደ ካፒቶል ሲሄድ፣ ዝግ ባለ ድምፁም «ሁላችንም ሪፐብሊካን ነን፤ ሁላችንም ፌዴራሊስት ነን» የሚለውን ንግግሩን ሲያነብ፣ ተሸናፊው በጭቃማው መንገድ ላይ ነበር።

የታሪክ ሰዎች በዚህ ሌሊት ላይ ብዙ ተከራክረዋል፤ አልተጠራም የሚሉ አሉ፣ ቂም ነው የሚሉም አሉ። ልጄ ያለ ማመንታት «ነውር ነው» ብላ ጽፋለች። እኔም መጀመሪያ እንደ እሷ አሰብኩ፤ ያደግነው «ከፍትፍቱ ፊቱ» እየተባልን ነውና። እንግዳ የሚያስታውሰው የቀረበለትን ማዕድ ሳይሆን የተቀበለውን ፊት ነው። በዚህ ሚዛን አዳምስ ፍትፍቱን አቅርቦ ፊቱን የነሣ ሰው ነው፤ ፈረሶቹን በጋጣ ትቶ ራሱ በሌሊት ጠፋ።

ብዙ ሌሊት ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ ግን ምሳሌያዊ አነጋገሩ ለእንግዳ እንጂ ለሥልጣን ርክክብ እንደማይሠራ ታየኝ። እኔ በጉባኤው ዕለት ፊቴን አልነሣሁም። አዲሷን ጸሐፊ ተነሥቼ ሳምኳት፤ «ሹመት ያዳብር» አልኳት፤ ሰውም አጨበጨበልኝ። ፊቱን ሰጥቼ ፍትፍቱን ወደ ቤቴ ይዤ ሄድኩ። ጎንደር ለሞቱት እናት ልጅ ያስፈለጋት የእኔ ፈገግታ ሳይሆን ፊርማዬ ነበር። አዳምስ በዚያ ሌሊት ከንፈሩን እንደ ነከሰ ቢሄድ፣ ጄፈርሰንን በልቡ ቢራገም፣ በማግስቱ ጠዋት ጋጣው የተከፈተ፣ ፈረሶቹም የበሉ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ለተሾመ ሰው የምንመርቀው ምርቃት አለን፤ ለተሻረ ሰው የሚባለው ምርቃት ግን ፈልጌ አጣሁ። ያለን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነው፤ እሱም ሽረትን የሚያየው ካመለጠው ጥቅም አንጻር ብቻ ነው። እኔ ከዕድሩ ሳንቲም አልበላሁም፤ ስለዚህ ተረቱ አይነካኝም ብዬ እኮራ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የበላሁት ሌላ ነገር እንደ ነበር፣ እሱም ሰው ሲቸገር መጀመሪያ ለእኔ መደወሉ እንደ ሆነ የገባኝ አሁን ነው።

ማኅተም አርፎባቸው ያልደረሱ ደብዳቤዎች

አዳምስን ቅዱስ ማድረግ አልፈልግም። ፈረሶቹን ያስረከበው ሰው ፍርድ ቤቶቹን ለማስረከብ አልፈለገም ነበር። ፓርቲው ምክር ቤቱን ሳይለቅ ፌብሩዋሪ 13 አዳዲስ የዳኝነት ቦታዎችን የሚፈጥር ሕግ አወጣ፤ አዳምስም እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ድረስ የራሱን ሰዎች ሲሾም አመሸ። የውጭ ጉዳዩን ሥራ የያዘው ጆን ማርሻል በዚያው ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛም ነበር፤ በሹመት ደብዳቤዎቹ ላይ የአገሪቱን ማኅተም የሚያሳርፈውም እሱ ነው።

ይህን ሳነብ ያሳዘነኝ ትንሽ ነገር አለ። አሌክሳንድሪያ፣ ዛሬ እኔ ሳምንት ሳምንት ቡና የምጠጣባት ከተማ፣ በዚያን ጊዜ የዋና ከተማው ግዛት አካል ነበረች። ለአካባቢ ዳኝነት ከተሾሙት መካከል የአሌክሳንድሪያ ሰዎችም ነበሩ። የማርሻል ወንድም ጄምስ የእነሱን ደብዳቤዎች ሊያደርስ ወደ ቢሮው ሄዶ፣ ሁሉንም አንድ ላይ መያዝ ስላልተመቸው የተወሰኑትን እዚያው መልሶ ተወ። ማኅተም ያረፈባቸው፣ የተፈረሙ፣ ያልደረሱ ወረቀቶች ቢሮው ውስጥ አደሩ። ጄፈርሰን ሥልጣን እንደ ያዘ አገኛቸውና እንዳይሰጡ አዘዘ። ከተሿሚዎቹ ዊልያም ማርበሪና ሦስት ሌሎች ከሰሱ፤ በ1803 ማርሻል ራሱ ሹመቱ ይገባቸዋል፣ ነገር ግን ጉዳዩን በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያመጣው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫልና ልንሰጣቸው አንችልም ብሎ ፈረደ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሕግ የመሻር ሥልጣኑን ያጸናው በዚህ ነው። ሌላው ሰው ከዚህ ታሪክ ሕገ መንግሥቱን ያነሣል፤ እኔ ግን በክምሩ ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ነው የማየው። የቼክ ደብተሬም እንደ እነሱ በቦርሳ ውስጥ ቀርቷል።

የተቆጠሩት ሰዎች

ልጄ በጽሑፏ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፋ ከብባዋለች፤ «ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?» ይላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቁር ልጅ የሚያሳድግ አባት ይህን ጥያቄ ሳያይ ማለፍ አይችልም። ሕገ መንግሥቱ የየግዛቱን ውክልና ሲያሰላ በባርነት ያሉትን ሰዎች ከአምስት ሦስት እጅ አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር፤ ድምፅ ግን አይሰጡም። በዚህ ስሌት የደቡብ ግዛቶች ያገኙት ተጨማሪ የኤሌክቶራል ድምፅ፣ አዳምስና ጄፈርሰንን ከለየው ከ8 ድምፅ እንደሚበልጥ የታሪክ ሰዎች አስልተዋል። ጄፈርሰን በእግሩ ወደ ካፒቶል መሄዱ ትሕትና ነው ተብሎ ይወደሳል፤ እዚያ ያደረሰው ግን አንዲት ወረቀት እንዲነኩ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ቁጥርም ጭምር ነበር። በዚያው በ1800 ነሐሴ፣ ሪችመንድ አጠገብ ገብርኤል የተባለ በባርነት ያለ አንጥረኛ ለነጻነት አመፅ ሲያደራጅ ተደርሶበት፣ እሱን ጨምሮ 26 ሰዎች ተሰቀሉ። ያኔ የቨርጂኒያ ገዢ የነበረው ጄምስ ሞንሮ ነው፤ በክረምቱ ለጄፈርሰን ሲል ሚሊሺያውን በተጠንቀቅ ያቆመውም እሱ ነው።

የእነዚያን ሰዎች መከራ ከእኔ ጥፋት ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም። ነገር ግን ስለ ሰላማዊው ርክክብ በጣም የምንደነቅ ሰዎች አስረካቢና ተረካቢ በአንድ ነገር፣ ማለትም በማዕዱ ላይ በሌሉት ሰዎች ዕጣ፣ ተስማምተው እንደ ነበር መርሳት የለብንም። በእኔና በአዲሱ ኮሚቴ መካከል የነበረው ኩርፊያም ከሁለታችን የማንንም ጀርባ አላጎበጠም። የተጎዳችው በኩርፊያው ውስጥ ያልነበረችው ሴት ናት፤ በጉባኤው ዕለት ድምፅ ስትሰጥ ለእኔ ይሁን ለሌላዋ እንኳን አላውቅም።

ማርች 24

አዳምስ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኩዊንሲ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ከጄፈርሰን አንድ ፖስታ መጣለት። በስህተት ወደ አዲሱ ፕሬዚዳንት የሄደ፣ ስለ ልጁ ስለ ቻርልስ ቀብር የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ ጄፈርሰን ውስጡን ሳያይ ላከለት። አዳምስ ማርች 24 መልስ ሲጽፍ ያ ልጅ በአንድ ወቅት የዓይኑ ብርሃን እንደ ነበረ ነገረው፤ ቀጥሎም በእኛ በኩል አገሩ ሰላም ነው፣ ጸጥታና ብልጽግና የሞላበት የሥልጣን ዘመን ከልቤ እመኝልሃለሁ አለው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች እስከ 1812 ድረስ ተኳርፈው ቆዩ። ልብ የሚታረቅበት ጊዜ የራሱ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ፈረሶቹ ግን አሥራ አንድ ዓመት መጠበቅ አይችሉም።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ለአዲሷ ጸሐፊ ደወልኩላትና ባንክ ቤት ተገናኘን። ስሜ ወጥቶ የእሷ እስኪገባ ያለው ሥራ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። የዕድሩን ዕቃ በወረቀት ዘርዝሬ ነበር፤ ማኅተም አንድ ከነቀለም መርገጫው፣ የቼክ ደብተር አንድ፣ የአባላት መዝገብ ሁለት፣ የፋይል ሣጥን ቁልፍ አንድ። ከታች «መዝገቡ ላይ በእርሳስ የተጻፉት ስልኮች የተቀየሩ ናቸው፤ ሣጥኑ ሲከፈት ቁልፉን ትንሽ ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል» ብዬ ጨመርኩበት። ወረቀቱን አንብባ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም፣ ፈረመችበት።

ከባንክ ወጥቼ ሐዘንተኛዋ ቤት ሄድኩ። ከጎንደር ተመልሳ ጥቁር እንደ ለበሰች ነበር። ስልኩ ሲጠራ በእጄ እንደ ነበረ ነገርኳት፤ ምክንያት አልጨመርኩም። ረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየች። «እኔ እኮ እርስዎ አሞዎት ይሆናል ብዬ ተጨንቄ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም ተመልሳ እስክትመጣ እዚያው ተቀምጬ ጠበቅኩ። ይቅርታ ማድረጓን ወይም አለማድረጓን ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ ዛሬም አልጠየቅኳትም።

ያን ዕለት ማታ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ይመስለኛል፣ አዲሷ ጸሐፊ ደወለች። ወዲያው አነሣሁት። «ጋሼ፣ ወደ ላይ ሳነሣው ተከፈተ» አለችኝ።